ቆሞ የሚፈትለው ሹፌር

በመካነ ሰላም መናኸሪያ ይርዳውን የማያውቅ ሰው የለም። ከደሴ ወደዚህ፣ ከዚህ ወደ ደሴ ሚኒባስ ሲያመላልስ ነው የኖረው። የጉጉፍቱ ጭጋግ መንገዱን ሲውጠው ሌሎቹ ሹፌሮች ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ እሱ ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ የጎማውን ድምፅ እያዳመጠ ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ስሙ ሲነሳ ይህን የሚያነሳ የለም። «ያ የሚፈትለው» ነው የሚሉት።

ስለ እሱ ከሚወራው ብዙው ትክክል አይደለም። ሥራ ስለፈታ ነው የጀመረው ይላሉ። ሚስቱ ዓረብ አገር ሄዳበት ብቸኝነት ነው ይላሉ። ስለት አለበት ያለም ሰምቻለሁ። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ በግቢያችን መካከል ያለው ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው፤ የጀመረበትንም ቀን እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልጻፍ።

የእናቴ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ ዕቃዋን ማውጣት ነበረብኝ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት ይኸንኑ ነው። የስንቱን ሰው ወረቀት በዓመቱና በቀበሌው ለይቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። የእናቴን ዕቃ ግን በምን እንደምለየው አላወቅሁም። ቀሚስ ከላይ፣ ቀሚስ ከታች እያደረግሁ ስገላብጥ ይርዳው በካቡ ላይ አየኝና መጣ። ወገቡ ስለተጎዳ ዕቃ አያነሳም፤ የመጣው ሊያጫውተኝ ነው።

ከሣጥኑ ሥር የእናቴ የጥጥ ቅርጫት ወጣ። ውስጡ የፈተለችው ክር በልቃቂት በልቃቂት ሆኖ ተቀምጧል፤ ከላዩ እንዝርቷ ተጋድማለች። ይርዳው እንዝርቷን አነሳ። በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞራት።

«ይቺ ነገር ለምንድን ነው የማትወድቀው?» አለኝ።

«መቼ?»

«ስትሾር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጭኗ ላይ እንዲህ አንከባላ ትለቃታለች። አየር ላይ ተንጠልጥላ ትሾራለች። የያዛት ደግሞ ገና ክር ያልሆነ ጥጥ ነው። ለምን አይበጠስም? ስንት ዓመት በዚህ በር ሳልፍ አያታለሁ፤ አንድ ቀን ቆሜ አልጠየቅኋትም።»

«ውሰዳት» አልኩት።

«ወንድ ልጅ እንዝርት ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሳቀ። ሳቀ እንጂ አላስቀመጣትም። ሲወጣ በሹራቡ ኪስ ሰክቷት ነበር። ልቃቂቶቹን እኔ መልሼ ሣጥን ውስጥ ከተትኋቸው።

ይርዳው ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ደሴ ያዩት ሐኪሞች ከእንግዲህ መሪ መያዝ የለብህም ካሉት ወዲህ ሚኒባሱን ለባለቤቱ አስረክቦ ቤት ውሏል። ሚስቱ ይርገዱ ሪያድ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የቤቱ ጣሪያ የተቀየረው፣ ልጃቸው ሊድያ ጎንደር የምትማረው በእሷ ነው። ቀን ለይርዳው ረጅም ነበር። አንድ ሰሞን ራዲዮ መጠገን ልማር ብሎ የራሱን ራዲዮ ፈታ፤ እስካሁን በከረጢት እንደተቋጠረ ነው። ቀጥሎ ክራር ገዛ፤ ክራሩ ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ የፖም ችግኝ ተከለ፤ ችግኙን የጎረቤት ፍየል ጨረሰችው። ይርገዱ በስልክ «የኔ ጀማሪ» እያለች ትስቅበት ነበር። እንዝርቷም እንደዚያው የምትሆን መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

መጀመሪያ ብቻውን ሞከረ። ወገቡ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ አያስቀምጠውም፤ ስለዚህ ቆሞ ነው። ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ወይም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሚሠሩትን፣ እሱ ካቡን ተደግፎ መንገደኛ ሁሉ እያየው ይሠራል። እንዝርቷን ጭኑ ላይ ያንከባልላታል፣ ይለቃታል፣ ጥጡ ይበጠሳል፣ እንዝርቷ ድንጋይ ላይ ትወድቃለች። ያነሳታል። እንደገና።

ከመንገዱ ማዶ ደጃፋቸው ላይ የሚውሉት እቴቴ ኡምኩልሱም ሰባ ዓመት የተሻገሩ ሴት ናቸው። ጠዋቱን ሙሉ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ቆዩ። በመጨረሻ አልቻሉም።

«አንተ ይርዳው፣ ያቺ እንዝርት ምን በደለችህ?»

«አልታዘዝ አለችኝ እቴቴ።»

«ሚኒባስ አይደለችማ፣ በነዳጅ አትሄድም! ና ወዲህ። ቁጭ በል።»

«ወገቤ አያስቀምጠኝም።»

«እንግዲያው እንደ ግመል ቁም። እጄን እይ፣ ፊቴን አትይ። ፊቴን ካየህ እስቃለሁ፤ ከሳቅሁ አላስተምርህም።»

እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ እሱ ከፊታቸው ቆሞ፣ እሳቸው የሚያደርጉትን እያየ ማድረግ ጀመረ። አቋቋማቸውን በደንብ አስታውሳለሁ፤ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው።

ትምህርቱ የሄደው እየተቆራረጠ ነው። አርብ እቴቴ እንዝርት አይነኩም። ሚካኤል ሲሆን፣ ማርያም ስትሆን፣ እሁድ ሲሆን ደግሞ ይርዳው አይነካም።

«ዛሬስ?» ይሉታል ከማዶ።

«ዛሬ ጊዮርጊስ ነው እቴቴ።»

«አብሽር፣ ነገ ደግሞ ጁምዓ ነው። ባንተ ታቦትና በኔ ጁምዓ መሀል ይቺ ጥጥ ሳትፈተል አርጅታ ትሞታለች።»

ቢሆንም ክረምቱ ሲገባ ክሩ ክር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ይርዳውን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ክሩ እንደማይበጠስ፣ ፀሐይ ወጥቶ ነፋስ ሲነሳ ግን እንደሚሰባበር አስተዋለ። ለምን? ይህን ለማጣራት አንድ ቀን ጥጡን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ አሳደረው፤ ሌላ ቀን ምድጃ አጠገብ አስቀመጠው። ከረጠበው የወጣው ክር ጠንካራ ሆኖ ሲያገኘው በካቡ ላይ ተንጠራርቶ ጠራኝ፦ «አካሉ! ያ የጉጉፍቱ ጭጋግ ዕድሜ ልኬን ሲያስለቅሰኝ ኖሮ ዛሬ ካሰኝ!» ሌላ ቀን ከአቀስታ ከተማ የበግ ፀጉር አስመጣ። የበግ ፀጉር በእጁ አልሆነም፤ ግን ስላልሆነበት ምክንያት ከእቴቴ ጋር ግማሽ ቀን ተከራከረ። ራዲዮውን ሲፈታ እንዲህ ሲጠይቅ አላየሁትም። ሲፈትል ፊቱ ሌላ ነው፤ ጨለማ ቤት ገብቶ መብራት ማብሪያውን በእጁ የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

ጥጥ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲወርድ በመናኸሪያው ማለፉ አይቀርም። የዱሮ ባልደረባው አለምነው ገና ከሩቅ ሲያየው ይጀምራል።

«ይርዳው! ያቺ እንዝርት ስንት ሰው ትጭናለች?»

«አንተን የሚያህል ከሆነ ትርፍ ነው፣ አልጭንም።»

«ፍሬን አላት ግን?»

«የላትም። ካንተ መኪና ነው የተማረችው።»

መናኸሪያው በሳቅ ይፈርሳል፤ ይርዳውም ይስቃል። በዚህ አይከፋም። አንድ ቀን ግን ጋሹ የሚባል ደላላ፣ ሳይስቅ፣ ለሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ እንዲህ አለ፦ «ሚስት ዓረብ አገር ትደክማለች፣ ባል ቤት ሆኖ ይፈትላል። እንግዲህ ቀሚሱን ማን ይልበሰው?» ይርዳው ጥጡን ሳይገዛ ተመለሰ። የሆነውን የነገረኝ ማታ ካቡ ላይ ተደግፎ ነው።

«ለምን አትተወውም ታዲያ?» አልኩት።

«ይርገዱ ለጥምቀት ትገባለች።»

«አውቃለሁ።»

«ስትገባ ጋቢ ላለብሳት ነው። የምትገባበት ቤት በሷ ብር ተሠርቷል፣ የምትቀመጥበት ወንበር በሷ ብር ተገዝቷል። ካየሁት ከጨበጥሁት ሁሉ የኔ ነው ብዬ የምሰጣት አንድ ነገር የለኝም። ይቺን አገኘሁ።»

ነገር በልክ እንዲሆን የመፈለግ አመሌ ያዘኝና «ጥጡስ?» አልኩት።

«ጥጡ በሷ ብር ነው» አለና ትንሽ አሰበ። «ክሩ ግን የኔ ነው።»

ለይርገዱ አልነገራትም። ማታ ማታ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ከጀርባው ግድግዳው ብቻ እንዲታይ አድርጎ ያስደግፈዋል፤ ጥጡን አልጋ ሥር ይከተዋል። አንድ ቀን ሹራቡን ማራገፍ ረሳ። ይርዳው በስልክ ሲያወራ በሞተር ድምፅ ላይ እንደሚጮህ ሹፌር ነው፤ የእሷንም ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ስለሚያዳምጥ፣ ብፈልግም ባልፈልግም ከነመልሱ እሰማለሁ።

«ሹራብህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ነጩ።»

«አቧራ ነው።»

«ነጭ አቧራ?»

«ዱቄት ነው፤ ወፍጮ ቤት ነበርኩ።»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ወፍጮ ቤት መሄድ የጀመርከው?» ብላ ሳቀች፤ በዚያው አለፈ።

ያላለፈው በታናሽ እህቷ በምህረት በኩል የመጣው ነው። ምህረት ለነገር ብላ አልተናገረችም፤ ሰው ሲስቅባቸው አንጀቷ ስላረረ ነው። «አያ ይርዳው፣ ወይ ቤት ገብተህ ፍተል፣ ወይ ተወው። እኔ በገበያ መሀል ማለፍ አቃተኝ» አለችው ሁለት ሦስቴ። እንዳልሰማት ስታውቅ ለእህቷ ደወለች።

በዚያ ማታ ይርገዱ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«ምኑ ትለኛለህ? እንዝርቱ ነዋ!»

«እውነት ነው።»

ከሷ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ።

«እኔ እዚህ የሰው ወለል የምወለውለው አንተ እዚያ አንገትህን ቀና አድርገህ እንድትሄድ ነው። ራዲዮ ፈታህ፣ ሳቅሁ። ክራር ገዛህ፣ ሳቅሁ። ይኼ አያስቀኝም። መናኸሪያው ሁሉ ምን እንደሚል ምህረት ነግራኛለች። ስመጣ እንዳላየው። ቤቴ ውስጥ እንዳላየው፣ ትሰማኛለህ?»

«እሺ» አለ።

በማግስቱ እንዝርቷ ካቡ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ የለም። ዝናብ መጣ፣ እንዝርቷ እዚያው ናት። እንጨቷ እንዳይጣመም ብዬ አነሳኋትና አድርቄ የእናቴ ቅርጫት ውስጥ መለስኋት። ጥቂት ቀን ቆይቶ ይርዳው በሬን አንኳኳ።

«እንዝርቷን አየሻት?»

«አስገብቻታለሁ። እሺ ብለሃት አልነበረም እንዴ ጋሼ?»

«ብያታለሁ። ስትመጣ አታያትም።» በሩ ላይ እንደቆመ መዳፉን ዘረጋ። «ጋቢውን ትየው። ጋቢውን አይታ ‹ይኼም አልሆነም› ካለች፣ እንዝርቷ አንቺ ጋ ትቀራለች፤ ዳግመኛ አልነካትም። ሳታይ ግን አልተውም። እስካሁን የጀመርኩትን ሁሉ ማንም ሳያየው ነው የተውኩት።»

ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ከቤቱ ጀርባ፣ ከመንገድ በማይታይበት፣ ግድግዳ ተደግፎ መፍተል ያዘ። ትምህርት ስላበቃ እቴቴ ከማዶ ሆነው በድምፅ ብቻ ያገኙታል። «አለህ?» ይላሉ። «አለሁ!» ይላል ከጀርባ።

ኅዳር ሲጋመስ ክሩን ሰብስቦ ወደ ሸማኔው አሕመዲን ወሰደው፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። አሕመዲን እግሮቹን በመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደከተተ፣ ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ እየመዘነ አያቸው። ክሩ ደህና ነው አለ። ድሩን እንደ ልማዱ ከፋብሪካ ክር ያደርገዋል፤ ይህ ማግ ይሆናል። ግን አይበቃም።

«ምን ያህል ይጎድላል?» አለ ይርዳው።

«ይኼ የጋቢውን እኩሌታ አያልፍም። ለጥምቀት ከሆነ የምትፈልገው ደግሞ ማጉ ዛሬ ነገ ሳይል መግባት አለበት። ቀሪውን ከገበያ ግዛ።»

ይርዳው ልቃቂቶቹን አየ። የተገዛ ክር ከገባበት ነገሩ ሁሉ ምን እንደሚሆን ሳይናገረው ገባኝ። ቤቴ ሄድኩና ከሣጥኑ የእናቴን ቅርጫት አውጥቼ ተመለስኩ።

«አይሆንም» አለኝ ቅርጫቱን ሲያይ። «ይኼ የእናትሽ ነው።»

«እናቴ ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ብላ አልፈተለችውም» አልኩት። ቅርጫቱን ቶሎ ለአሕመዲን ሰጥቼው ወጣሁ።

ጥቂት ቀን አልፎ አሕመዲን ሰው ላከብን፦ ቶሎ ኑ። ስንደርስ ሥራውን አቁሞ፣ ከመቀመጫው ወጥቶ ቆሟል።

«ሁለት ዓይነት ጥጥ ነው እንዴ የሰጣችሁኝ?»

«ሁሉም ከዚሁ ገበያ ነው» አለ ይርዳው።

«እንግዲያው ይኼን እዩ።»

የተሠራው ጨርቅ ላይ ሰረዝ አለ። ቀለም አልገባበትም፤ ነጭ በነጭ ነው። ነገር ግን አንዱ ሰረዝ ፈካ ብሏል፣ ቀጣዩ ደብዘዝ ብሏል። አሕመዲን ልቃቂቶቹን እጁ እንዳገኘ ነው ያስገባው፤ ሰረዙም አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። ይርዳው ጎንበስ አለ። ከበሩ በኩል አየው። ከዚያ ዞሮ ከማዶ አየው።

«አካሉ፣ ነይ እዚህ ቁሚ። የቱ ነው የፈካው?»

አሳየሁት።

«አሁን እኔ ወዳለሁበት ነይ።»

ሄድኩ። ቅድም የፈካው ደብዝዟል፤ የደበዘዘው ፈክቷል። ተመልሼ ሄድኩ፤ እንደገና ተገለባበጠ። አሕመዲንም ዞሮ አየ። «ሱብሐነላህ» አለ። ሦስታችንም በአንድ ጨርቅ ዙሪያ፣ የቆመ መኪና ሞተር እንደሚያዩ ሰዎች እየዞርን ነበር።

ይርዳው ከቀረው ልቃቂት ከእናቴ አንድ ክር፣ ከራሱ አንድ ክር ቆረጠ። የእናቴን በሁለት ጣቶቹ መሀል ወደ አንድ ጎን አዞረው፤ ክሩ ተፈታና ጥጥ ሆነ። የራሱን በዚያው አቅጣጫ አዞረው፤ እሱ ይበልጥ ከረረ። በተቃራኒው አዞረው። ተፈታ።

«እንደ ጭነት መኪና ቡሎን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንዳንዱ ላይ የግራ ጎማ ቡሎን በተገላቢጦሽ ነው የሚፈታው። የማያውቅ ሰው ሲታገል ይውላል። የኔ ክር በግራ ከርሯል። የእናትሽ በቀኝ። ብርሃኑ የሚያርፍባቸው በተለያየ ጎን ነው።» ቀና አለ። «ግን ለምን?»

ቀጥታ ወደ እቴቴ ኡምኩልሱም ሄድን። ነገሩን ሲነግራቸው «እስኪ ፍተል» አሉት። እንዝርቷን በግራ እጁ ያዘና ግራ ጭኑ ላይ አንከባለላት። እቴቴ አፋቸውን ያዙ።

«ወላሂ ግራህ ነው! አንተ እኮ ቀኝ ነህ፣ በቀኝህ ነው የምትበላው!»

«እቴቴ፣ አንቱ ያደረጉትን ነው ያደረግሁት። እጅዎ በዚህ በኩል ነበር።»

«በዚህ በኩል የሆነው ከፊቴ ስለቆምክ ነዋ! እኔ ሴት ልጆቼን ሳስተምር ከጎኔ ነው የማስቀምጣቸው። አንተን ጎረምሳ ከጎኔ ላድርግህ?» እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ክረምቱን ሙሉ ሳይህ ራሴን በመስታወት የማይ መስሎኝ፣ ‹ይኼ ልጅ እንዴት አድርጎ ያዘልኝ› እል ነበር።»

ይርዳውም ሳቀ። ወደ አሕመዲን ስንመለስ ግን መሳቁን ትቶ ነበር። አሕመዲን የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ልፍታው? ፈትቼ የእናቷን ክር ባንድ ወገን፣ ያንተን ባንድ ወገን ላድርገው፤ እንደዚህ አይዥጎረጎርም።»

ይርገዱ ልጅ ሆና የፈተለች የገጠር ልጅ ናት፤ ይህን ሳታይ አትቀርም። ይርዳው የፈራው ገባኝ። ስትገባ የምታየው ሌላ የተበላሸ ጅምር ይሆናል። ጨርቁን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«የእናትሽም አለበት። አንቺ በይ።»

እኔ ሥራዬ ሁለት ዓይነት ነገር አንድ ላይ እንዳይቀላቀል መጠበቅ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይፈታ እል ነበር። ጨርቁን ግን አንዴ ደግሜ አየሁት። በሩ አጠገብ ቆሜ የቱ የእናቴ እንደሆነ አንድ በአንድ መለየት እችል ነበር።

«ይቀጥል» አልኩ።

ይርገዱ የገባችው የከተራ ዋዜማ ነው። ከደሴ ያመጣት አለምነው ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ስለ እንዝርት አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰ በኋላ ማለልኝ፤ አምኜዋለሁ፤ ስትወርድ አይኗን አያይም ነበር። ይርዳው ጋቢውን መናኸሪያ ይዞት አልሄደም። ያን ዕለት ጠዋት እንዝርቷን ከቀረው ጥጥ ጋር በካቡ ላይ አሻግሮ ሰጥቶኝ ነበር፤ «አታያትም፤ እሺ ብያታለሁ» ብሎ።

ቤቱ በጎረቤት ሞላ። ይርገዱ ከስታለች፤ የለበሰችው ስስ ጃኬት ነው። ሪያድ የለመደ ገላዋ የመካነ ሰላምን ብርድ ረስቶታል፤ ሰላም ብላን ስትጨርስ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ይርዳው ወደ ጓዳ ገባ፤ ጋቢውን አምጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣለው።

ምህረት መሬት መሬት አየች። ይርገዱ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገች። ጠርዙን በጣቶቿ ያዘች፣ አሸችው። ተነስታ በሩ ላይ ሄደች። ወደ ፀሐዩ ያዘችው፤ ከዚያ ዞረች። እንደገና ዞረች።

«ማነው የፈተለው?» አለች።

«እኔ አይደለሁም!» አሉ እቴቴ ኡምኩልሱም ቶሎ ብለው።

«ሁለት ሰው ነው» አለ ይርዳው። «አንደኛው የአካሉ እናት ናት፣ ነፍሷን ይማረው። ሌላው... እኔ ነኝ። የኔ በግራ ነው የከረረው። ቁሚ እስኪ እዚህ፤ አሁን እዚያ ሂጂ፤ አየሽው? ክሩ ብርሃኑን የሚቀበለው...» ነገሩን ሲያስረዳ ፍርሃቱን ረሳው። ስለ ቡሎኑ ነገራት። ስለ ጭጋጉ ነገራት። ምድጃ አጠገብ ስላስቀመጠው ጥጥ፣ ስለ አቀስታው የበግ ፀጉር፣ ከእቴቴ ፊት ለፊት ስለ መቆሙ ነገራት። ይርገዱ ጋቢውን እንደያዘች፣ የሚናገረውን ሳይሆን ፊቱን ታይ ነበር። ስድስት ዓመት በስልክ ያየችው ፊት እንዲህ አልነበረም መሰለኝ፤ ግን ይህ የኔ ግምት ነው።

ሲጨርስ «እንዳላየው ብዬህ ነበር» አለች።

«አላየሽውም። እንዝርቷ እዚህ የለችም።»

«የት ናት?»

በካቡ በኩል ወደ እኔ ቤት አየ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አካሉ፣ እስኪ አምጪልኝ» አለች ይርገዱ።

ሄጄ ከነጥጡ አመጣሁ። ይርዳው በሩ አጠገብ ቆሞ እንዝርቷን በአይኑ ተከተላት። ይርገዱ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጋቢውን ከቀኝ ክንዷ ገለጥ አድርጋ ከቀረው ጥጥ ቆንጥራ ያዘች። ጭኗ ላይ አንከባለለቻት። የመጀመሪያው ተበጠሰ።

«እሰይ!» አሉ እቴቴ። «አንቺንም ትበድልሻለች!»

ይርገዱ ሳቀች። ከመጣች የሳቀችው ያኔ ነው። ሁለተኛው ተያዘ፣ ሳበችው፣ ረዘመ። ከዚያ እንዝርቷን አቁማ ወደ ባሏ ቀና አለች።

«ና፣ አሳየኝ ያንተን። ከዚያ የኔን አሳይሃለሁ።»

ይርዳው እንደ ልማዱ መጥቶ ከፊቷ ቆመ።

«እዚያ አይደለም» አለችው። «ከጎኔ ቁም።»

ምህረት ወደ መንገዱ የሚያስወጣውን በር ልትዘጋ ተነሳች፤ ይርገዱ «ተዪው» አለቻት። እንዝርቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ እኔ ቤት አልተመለሰችም።